ራምፕ ብቻውን ቤት አይሆንም

ግልጽ ደብዳቤ

ለቁስለኛ ወታደሮች መኖሪያ በጀት ለምትይዙ፣ ፕላን ለምታጸድቁ፣ ለምትነድፉና ለምትገነቡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በማገገም ላይ ላሉ ወታደሮች የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶችን አነዳደፍ ይመለከታል

ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደሞከርነው፣ ይህን የምንጽፍላችሁ ፕላን የምንሠራ፣ ሳይት የምንቆጣጠርና በተሃድሶ ሕክምና የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። በእጃችን የሚያልፉት ፕላኖች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ለማንም ቤተሰብ የተሠራ ፕላን ይወሰዳል፤ ደጃፉ ላይ ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ይለጠፍበታል፤ አንድ በር ይሰፋል፤ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ መያዣ ብረት ይሣላል፤ የዊልቸር ምልክት ይጨመርበትና «ለአካል ጉዳተኛ ምቹ» ተብሎ ይፈረምበታል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከልኬቱ በፊት ነው። ቁስለኛው አንዴ ታውቆ ያለቀ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል፤ እግር የለውም፣ እንግዲህ ዊልቸር ነው ይባላል። በማገገም ላይ ያለ ሰው አካሉ ግን ይለዋወጣል። ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን በዊልቸር ይገባል፤ ቆይቶ ክራንች ይይዛል፤ ከዚያ በሰው ሠራሽ እግር ይቆማል፤ የጉማጁ፣ ማለትም ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል፣ ቆዳ ሲቆስልበት ደግሞ ተመልሶ ዊልቸሩ ላይ ይቀመጣል። በአንዱ ቀን ውስጥ እንኳ ሁለት ሰው ነው። ቀን ቆሞ የላይኛውን ቁም ሳጥን ይከፍታል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እግሩን አውልቆ ከወለል 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ቤቱ ለሁለቱም መሥራት አለበት። የምንላችሁ ይህንኑ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ዝርዝሩ ላይ ስለሆነ እንዘረዝረዋለን።

ንድፉን ከሌሊቱ ጀምሩት። ከአልጋ ተነስቶ ሽንት ቤት የሚደርሰው መንገድ በፕላኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይሠመር። መስመሩ ከተጣመመ፣ በሁለት በር ካለፈ ወይም ኮሪደር ከዞረ፣ ፕላኑ ተመልሶ ይሠራ። መኝታ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ይጋሩ፤ በመካከላቸው ያለው በር ተንሸራታች ይሁን። ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ እንቅስቃሴ ሲሰማ የሚበራ ደብዛዛ መብራት በመንገዱ ላይ ይደረግ። የጣሪያው መብራት ሌሊት ቦግ ሲል የጭንቅላት ጉዳት ያለበትን ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ አጠገቡ የተኛውንም ይቀሰቅሳል።

የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከመኝታ ቤቱ ጋር እኩል ይሁን ሲባል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሶሌታው፣ ማለትም የወለሉ አርማታ፣ ሲሞላ ይረሳል። ሻወር በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ይፈልጋል። ይህ ተዳፋት፣ ውሃ መከላከያው ሽፋን፣ ማስተካከያው ሲሚንቶ፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ሲደማመሩ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። የመታጠቢያ ቤቱ ሶሌታ አርማታ ከመሞላቱ በፊት በዚያው ልክ ዝቅ ተደርጎ ፎርምወርኩ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ካልተሠራ፣ በኋላ የሚገኝ መፍትሔ የለም፤ ተቋራጩ በሩ ሥር 4 ሴንቲ ሜትር ደፍ ሠርቶ ይገላገላል። በእግሩ ለሚሄድ ያ ደፍ አይታይም። የዊልቸር የፊት ጎማ ግን ትንሽ ናት፤ ደፉ ላይ ትነክሳለች፣ ወንበሩ ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ወደፊት ይወድቃል። ደፍ ግድ ከሆነ ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ጠርዙም በተዳፋት ይገረዝ።

ውሃው ቶሎ ይውረድ ተብሎ 4 እና 5 በመቶ ተዳፋት የሚሰጥበትም አለ። የሻወር ወንበሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ክራንቹ በእርጥቡ ሴራሚክ ላይ ይሸሻል። 2 በመቶ ይበቃል። ፍሳሹ መሐል ላይ ክብ ቀዳዳ ከሚሆን ይልቅ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ረጅም መቀበያ ቢሆን ወለሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘነብላል፤ ሴራሚኩም በአራት ማዕዘን አይቆራረጥም።

አሁን ወደ ግድግዳው። መያዣ ብረት የሚነቀለው ብረቱ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ የያዘው ግድግዳ ባዶ ሆኖ ነው። የአሜሪካ መለኪያ አንድ መያዣ 113 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ይጠይቃል። የብሎኬት ቅርፊት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በፕላስቲክ ፊሸር (ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ የስክሩ መያዣ) የተያዘ ስክሩ እርጥብ እጅ ያለው ሰው ሲወድቅ የሚያሳርፍበትን ድንገተኛ ክብደት አይችልም። ስለዚህ ልስንና ሴራሚክ ከመምጣቱ በፊት፣ ከወለል ከ60 እስከ 180 ሴንቲ ሜትር ያለው የብሎኬቱ ቀዳዳ በኮንክሪት ይሞላ። ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ከኋላው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ጣውላ) ዙሪያውን ይመታ። ልብ በሉ፣ ዙሪያውን ነው፤ ፕላኑ ላይ ብረት የተሣለበት ቦታ ብቻ አይደለም። መያዣው የት እንደሚገባ ንድፉ በሚሠራበት ቀን ማንም አያውቅም፤ የሚወስነው የሚገባው ሰው የቀረው እጅ ነው። ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳ፤ ፎቶውም በቤቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ጣውላ ኮምፔርሳቶ ለመቆጠብ ተብሎ በኋላ ሙሉ ግድግዳ ሴራሚክ ሲፈርስ ማየት ያሳዝናል።

የሽንት ቤት መቀመጫው መሐል ከጎን ግድግዳ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ በሌላው ወገን ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተው፤ ዊልቸሩ የሚጠጋው እዚያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ጥያቄ አለ፤ የትኛው ወገን? አንድ እጅና አንድ እግር በአንድ ወገን ያጣ ሰው የሚሸጋገረው በጤነኛው ወገን ነው። ሁሉም ቤት በግራ ብቻ የሚያስጠጋ ከሆነ ከነዋሪዎቹ ለአንዳንዶቹ በየቀኑ ፈተና ነው። ቦታ ካለ ሁለቱንም ወገን ባዶ ትታችሁ ወደ ግድግዳ የሚታጠፉ ሁለት ክንዶች ግጠሙ። ቦታ ከሌለ ግማሾቹን ቤቶች በመስታወት ግልባጭ ሥሩ፤ ቤት የሚያከፋፍለው ክፍልም የትኛው ቤት የትኛው ወገን እንደሆነ በእጁ ዝርዝር ይኑረው። ያለ ዝርዝሩ ግልባጩ ዕጣ ነው። ለከፍታው 43 ወይም 48 ሴንቲ ሜትር ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ ከግድግዳ የሚንጠለጠል መቀመጫ ምረጡና ሰውየው ሲታወቅ አስገጥሙት። በሰው ሠራሽ ጉልበት የሚነሳ ሰው ከፍ ያለ ይሻለዋል፤ ሁለቱንም እግር ያጣ ሰው ደግሞ ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር እኩል የሆነ ይፈልጋል።

ሻወር ውስጥ ታጣፊ መቀመጫ ይግባ። የውሃው መክፈቻ ተቀምጦ እጅ ሲዘረጋ የሚደረስ፣ ሳይገቡም ከውጭ ሊከፈት የሚችል ይሁን፤ ውሃው ሳይፈተሽ ማንም ሥሩ መቀመጥ የለበትም። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው እግሩ ሲቃጠል አይሰማውም። ሳንባ የሚያጠቃው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ እንዳይራባ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ መሆን አለበት፤ 60 ዲግሪ ውሃ ግን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቆዳ ይልጣል። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ከመክፈቻው በፊት የሚገጠም የሙቀት መቀላቀያ ቫልቭ ነው፤ በ49 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይስተካከል። ከእጅ መታጠቢያው ሥር የሚያልፈው የሙቅ ውሃ ቧንቧና ሲፎኑም ይሸፈኑ፤ ጉልበት የሚገባው እዚያ ነው።

አንድ ፕላን ላይ ሠፍሮ አይተነው የማናውቀው ነገር አለ፤ ላይነሩ የሚደርቅበት ቦታ። ሰው ሠራሽ እግር ሲለበስ በጉማጁ ላይ የሚጠለቀው የሲሊኮን ሽፋን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፣ ተንጠልጥሎ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ ቆዳው ይላጣል፣ ይሸታል፣ ሰውየው እግሩን ማድረግ ያቆማል። የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ከሻወሩ ርጭት ውጭ የሆነ 50 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ፣ ማድረቂያው የሚቆምበት ቦታ፣ ከመቀመጫው አጠገብ እስከ ወለል የሚወርድ መስታወት የጉማጁ ሥር እንዲታይ። አልጋው አጠገብም ሶኬት፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ጉልበት እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል።

በሮችን በተመለከተ አጭር ሒሳብ። 90 ሴንቲ ሜትር የተባለ በር ተከፍቶ ሲቆም የራሱ ውፍረትና የመቃኑ ከንፈር ሲቀነስ ከ82 እስከ 85 ይቀራል። የሚለካው የሚያልፉበት ክፍተት ነው። ከዚያ በላይ የሚረሳው፣ በሩን ወደ ራስ በሚስቡበት ወገን ከእጄታው ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ባዶ መተው ነው። ያ ከሌለ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው በሩን ሲስብ ራሱ በሩን ዘግቶ ይቆማል። ክብ እጄታ አይደረግ፤ የተቃጠለ እጅና የጎደለ ጣት አይጨብጠውም።

ራምፑን ወደኋላ ያስቀረነው ሆን ብለን ነው። ወለሉ ከግቢው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ በ1 ለ12 ተዳፋት 5.4 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል። ትከሻው የቆሰለ ሰው ራሱን እየገፋ ሊወጣ ከሆነ 1 ለ20 ይሻላል፤ 9 ሜትር መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ራምፕ የሚያስፈልገው የወለሉ ከፍታ ቀድሞ ስላልታሰበ ነው። መሬቱ ሲደለደል አፈሩን ወደ በሩ ቀስ አድርጎ ማንሳት፣ በሩ ፊት ደግሞ ክዳኑ ወንፊት የሆነ የውሃ ቦይ መቅበር፣ ቤቱን ከጎረቤት ቤት የማይለይ ያደርገዋል። ለአንዳንዱ ነዋሪ ይህ ከተዳፋቱ ልክ ይበልጣል።

ወደፊት ሰውየውን ከአልጋ አንስቶ በኮርኒስ ሐዲድ የሚያሻግር ማንሻ ሊያስፈልግ የሚችልበት ቤት ደግሞ ከአልጋው እስከ መታጠቢያው ድረስ በኮርኒሱ ውስጥ 200 ኪሎ ግራም እና ከዚያ በላይ የሚችል ማሰሪያ ከወዲሁ ይዘጋጅለት። ሐዲዱን የሚያቋርጠው ከበሩ በላይ ያለው ግድግዳ ነው። እዚያ ላይ በስክሩ የሚነሳ ፓነል መተው ቤቱ ሲሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በኋላ ግን የአርማታ ቢም መስበር ነው።

እስካሁን የጻፍነው ስለ አካል ነው። አእምሮን የሚያቆስለው ግን የሚጀምረው ሳሎን ውስጥ ነው።

ለወታደር ማረፊያ መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1670 በፓሪስ ሌዘንቫሊድ የተባለው የወታደሮች ማረፊያ እንዲሠራ አዘዘ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1682 በለንደን ቼልሲ የሚገኘውን የጡረተኛ ወታደሮች ማረፊያ መሠረተ። ሁለቱም በቅጥር ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ ረጃጅም ክንፎች ናቸው፤ የሚያምር ሰፈር ናቸው፣ ግን የጦር ሰፈር። ብዙ የዘመናችን ፕሮጀክቶችም ሳያውቁት ያንኑ ይደግማሉ፤ ረጅም ኮሪደር፣ በግራና ቀኝ አንድ ዓይነት በር። በሌላ መንገድ የሄዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በፎርት ቤልቮር ለቁስለኛ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የተሠሩት ሁለት ቤቶች ከፍና ዝቅ የሚሉ የወጥ ቤት ጠረጴዛዎች፣ ሰፋፊ ተንሸራታች በሮችና ትልልቅ መስኮቶች ነበሯቸው። ከነዳፊዎቻቸው አንዱ የነበረው አርክቴክት ማይክል ግሬቭስ ከ2003 ጀምሮ ራሱ በዊልቸር ይንቀሳቀስ ነበር። ይህም በቤቶቹ ላይ ይታያል።

ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ የሚቀመጥበት ጠንካራ ግድግዳ ይኑር፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ዋናውን በር ከፊቱ ይይ። የተለመደው ፕላን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በሩ ከሶፋው ጀርባ ይከፈታል። ከጦርነት ለተመለሰ ሰው ከጀርባ የሚከፈት በር እረፍት አይሰጥም፤ ወንበሩን ጎትቶ ግድግዳ ሥር ይወስደዋል፣ መተላለፊያውም ይዘጋል። ከመኝታ ቤቱ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሁለተኛ በር ይኑር፤ ለእሳት አደጋም፣ ለእንቅልፍም ይጠቅማል። ኮሪደር ካለ ጥጉ ይከፈት ወይም ይገረዝ፤ ሰው ከጥግ ድንገት እንዳይወጣ። ሙሉ ግድግዳ መስታወት የሚወዱ ባልደረቦቻችን እንዳይቀየሙን እንጂ፣ ቀን ደጁን የሚያሳየው መስታወት ማታ መብራት ሲበራ ውስጡን ለደጅ ያሳያል፤ ነዋሪው ራሱን እንጂ ሌላ አያይም። መስኮት ይብዛ፣ መጋረጃው ግን ተቀምጠው የሚደርሱበት ይሁን። የመስኮቱ ደፍም ከወለል 60 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ የተኛ ሰው ዛፍ እንዲያይ። ተመራማሪው ሮጀር አልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት ከ46 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳያቸው፣ የሸክላ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወጥተዋል፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ ወስደዋል።

ድምፅ የበለጠ ከባድ ነው። ከአልጋው ራስጌ ባለው ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቧንቧ አይለፍ። መክፈቻ በድንገት ሲዘጋ የሚሮጠው ውሃ ቆሞ ቧንቧውን ይመታል፤ ከግድግዳው ውስጥ «ዷ» ይላል። ለሌላው ሰው ጆሮ የማይገባ ድምፅ ነው፤ ለዚህ ሰው ግን ከአልጋ ወርውሮ የሚያወርድ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው። ቧንቧው በየማሰሪያው ላይ በጎማ ይያዝ፤ ፈጥነው በሚዘጉ ቫልቮች አጠገብ ድንጋጤ ማብረጃ ይገጠም፤ የውሃው ግፊት ይስተካከል። ፓምፕና ጄኔሬተር ከመኝታ ቤቶቹ በተቃራኒ ወገን፣ በጎማ ላይ ይቀመጡ። የብረት በር አይመከርም፤ ግድ ከሆነ ቀስ አድርጎ የሚዘጋ መሣሪያና የጎማ ከንፈር ይኑረው። በፍንዳታ ጆሮው ለተጎዳ ደግሞ ደወሉም የእሳት ማስጠንቀቂያውም በብርሃን ይታገዝ፤ ብልጭታው በሴኮንድ ከ2 ጊዜ አይብለጥ፣ አልጋ የሚያንቀጠቅጥም ይጨመር።

መብራቱን በተመለከተ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ዓይን ሳያየው ይርገበገባል፤ የጭንቅላት ጉዳት ያለበትን ሰው ራስ ምታት ያስይዘዋል። ሲገዛ የማይርገበገብ ተብሎ በዝርዝሩ ይጻፍ፤ ማታ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለ፣ ማለትም ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ብርሃኑ የሚቀነስ ይሁን። የሚያብለጨልጭ ወለልና ባለ መስመር ሴራሚክ ይቅር።

የተቃጠለ ሰው ጠባሳ አያልብም፤ ከፍ ያለ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበትም ሙቀቱን አይቆጣጠርም። ቢያንስ አንድ ክፍል ለብቻው የሚቀዘቅዝና የሚሞቅ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ይሁን።

ወጥ ቤቱን በአጭሩ እንለፈው። ከጠረጴዛው ሥር 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ለጉልበት ይተው፤ የምድጃ ዓይኖች በአንድ መስመር ይደርደሩ፣ እጅ በእሳት ላይ ተሻግሮ እንዳይዘረጋ፤ የመድኃኒት ሳጥኑ ቁልፍ ይኑረው። የጦር መሣሪያ ማስቀመጫ ግን ከእነዚህ ቤቶች ውስጥ በጭራሽ አይሠራ።

አስታማሚዋም በፕላኑ ላይ ትታይ። ሚስት ወይም እናት ለወራት ሶፋ ላይ ስትተኛ ሁለተኛ በሽተኛ ትሆናለች። ክፍሏ ከቁስለኛው ጋር ግድግዳ ይጋራ፣ በሩ ግን የራሷ ይሁን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው ፊሸር ሐውስ የተባለው በጎ አድራጎት ለቁስለኞች ቤተሰቦች በጦር ሆስፒታሎች አጠገብ ማረፊያ የሚሰጠው ይህ ገብቶት ነው።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ የሚከተለውን ነው። ፕላን ከመጽደቁ በፊት መኝታ ቤቱና መታጠቢያው በባዶ መሬት ላይ በቴፕ በልኩ ይሠመሩ፤ በዊልቸር፣ በክራንችና በሰው ሠራሽ እግር የሚሄዱ ሦስት ሰዎች ይግቡበት፤ አስተያየታቸውም ከፕላኑ ጋር ይያያዝ። የግድግዳ ማጠናከሪያው፣ ዝቅ ያለው ሶሌታና ቀላቃይ ቫልቩ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የየራሳቸው መሥመርና ዋጋ ይኑራቸው፤ «በአጠቃላይ የተካተተ» የተባለ ነገር አይሠራም። ርክክብ ላይ በእያንዳንዱ መያዣ ብረት 150 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ለአምስት ደቂቃ ይሰቀል። ሻወሩ ውስጥ ሁለት ባልዲ ውሃ ይፈስ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የቆመ ወይም በሩን ያለፈ ውሃ ካለ አትረከቡ። ከዚያም ሲመሽ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ መብራቱን አጥፍቶ፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ፣ ከአልጋው ተነስቶ ሽንት ቤት ደርሶ ይመለስ። ፊርማውን የሚያኖረው ከተመለሰ በኋላ ይሁን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለተቆጣጣሪ መሐንዲሶች
ለተሃድሶ ሕክምና ክፍሎች
ለቤት አከፋፋይ ክፍሎች (የግራና የቀኙን ዝርዝር ይዘው እንዲጠብቁ)